ገናን በድሮ ዘመን ላከበረችልን ልጅ

ምስጋናዬ ዘግይቷል። የገናው ጽድ ከቤት ከወጣ ሳምንት አልፎታል። ግን ቤታችንን ያስጌጠችልንን ይህቺን ዲኮር ሠሪ ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል።

እማዬ ዘንድሮ 70 ሞላት። ገናን ቱሉ ዲምቱ ቤታችን በእሷ የኮረዳነት ዘመን፣ በ1960ዎቹ አምሳል እናክብር ተባባልን። መጀመሪያ ያናገርነው ዲኮር ሠሪ ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ «ለካ ሩቅ ነው» አለና ስልኩን ዘጋ። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ጎረቤታችን ይህቺን ልጅ ጠቆመችን።

እንደገባች «እማማ፣ ሳጥንዎ ውስጥ ምን አለ?» አለች። እኔ ዕቃ ታከራየናለች ብዬ ብር ቆጥሬ ተቀምጫለሁ። እሷ ሳጥኑን አስከፈተች። ዳንቴል ወጣ። አበባ የተሳለበት ትሪ ወጣ። ብርሌና ፋኖስ ወጣ። የእሷ የሸክላ ማጫወቻው ብቻ ነበር፤ ምን አለሽ ተራ አግኝታ ያስጠገነችው።

ግድግዳው ላይ የቤተሰቡን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ልንለጥፍ ስንል እጃችንን ያዘችን። ዋናው ፎቶ ፕላስተር አይነካውም! ሁሉንም ኮፒ አስደርጋ ኮፒውን ሰቀለች። የድሮ ፖስት ካርድ ስላልነበረን ነጭ ወረቀት ቆርጣ ቡና ውስጥ ነክራ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። አቦሉን ልሰጣት ስል «አቦሉን ጠጡት፣ ለዚህ በረካው ይበቃል» አለች። ደርቆ ቡኒ ሲሆን እማዬ በእጇ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ» ብላ ጻፈችበት። እንደ ድሮው ሳሎኑን አቋርጦ በተወጠረ ክር ላይ ተንጠለጠለ።

ጽዱ ላይ እንደ በረዶ ጥጥ ጣል አድርገናል፤ ያለ ጥጥማ የልጅነታችን ገና አይሆንም። ፋኖሱን ግን አጠገቡ በጋዝ ማብራት እምቢ አለች። ውስጡ ትንሽ የባትሪ መብራት ከተተችበት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሙሉ መብራት ሲጠፋ እኛ ጋ ፋኖሱ በራ። ሸክላው ግን ዘፈኑ መሃል ላይ ቆመ፣ ምን ይደረግ።

ስለ ሸክላው ካነሳሁ፣ አጎቴ ያስቀመጣቸው አምሃ ሪከርድስ የሚባለው የድሮ ሙዚቃ አሳታሚ ያወጣቸው ሁለት ሸክላዎች ነበሩን። ስንከፍታቸው ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል። ተበላሽቷል ብለን አዘንን። ልጅቷ ሳቀችና አንዲት ማብሪያ የምታክል ነገር ከ33 ወደ 45 ገፋች። ለካ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ ነው! እማዬ ከወንበሯ ተነሳች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ በኋላ ያለውን ቪዲዮ እንዳልለጥፍ ተከልክያለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሁለት ሰዓት አርፍዳ ነው የመጣችው። ጠረጴዛው ላይ ያደረገችው የፕላስቲክ አበባም አልተመቸኝም፣ ቄጠማው ይበቃ ነበር። ግን የተስማማነው 9 ሺህ ብር ላይ ሰባራ ሳንቲም አልጨመረችም። በማግስቱም ራሷ መጥታ አንድም ሚስማር ሳታስቀር አነሳችው።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከከተማ ዳር ናችሁ ብላ አትኮራም። የሸክላ ማጫወቻውን ግን ለጊዜው አትጠይቋት። እኛ ጋ ነው ያለው፤ እማዬ አልመልስም ብላለች።