«ሃርድነሱ ልክ ነው» እየተባለ የሚሸጠውን ሻፍት እንዳትገዙ

«ሂት ትሪትመንት የተደረገለት ክሮም-ኒኬል ሻፍት» (በማሞቅና በማቀዝቀዝ ባሕርዩ የተስተካከለ ማለታቸው ነው) እያሉ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ወረቀቱ ላይ ማህተም አለ፣ ሃርድነሱ፣ ማለትም የብረቱ ጥንካሬ፣ በሮክዌል ሲ መለኪያ 30 ነው ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አይወዱም። ዛሬ ያ ሻፍት ቤሪንግ ሲገባበት በአንድ የመዶሻ ምት ለሁለት ተከፈለ። ሳይጎብጥ፣ ሳይሳብ፣ እንደ ጠመኔ ቀጭ! ስብራቱን ወደ ብርሃን ዞር ሲያደርጉት ጥቃቅን ጠፍጣፋ ገጾች ያብለጨልጫሉ። ስንጥቁ የብረቱን ቅንጣቶች አቋርጦ ሳይሆን በመጋጠሚያቸው በኩል ነው የሄደው።

ቁራጩ ሲመለስለት ሻጩ ስብራቱን አላየም። ሃርድነስ መለኪያውን አምጥቶ ተጫነው፤ 30 አነበበ። ማሳያውን ወደ ደንበኛው አዞረና «እኛ የሸጥነው ይሄን ነው፤ መዶሻ አያያዝ ተማሩ» አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ። የሚያበግነው ደግሞ ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ነው!

ይህን ብልሽት ሃርድነስ አያሳየውም፤ የመሳብ ፈተናም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ፎስፈረስ፣ ቲን፣ አንቲሞኒና አርሴኒክ ከብረቱ አተሞች ጋር በመጠን ስለማይስማሙ ላላ ያለውን የቅንጣቶች መጋጠሚያ ይመርጣሉ። ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀቱ ይበትናቸዋል፤ ከ350 በታች ደግሞ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። ጣጣው ከ375 እስከ 575 ባለው መሀል ነው፤ እዚያ የቆየ ብረት መጋጠሚያው በእነሱ ይሞላል። ወረቀቱ ላይ 0.02 በመቶ ብቻ የሆነው ፎስፈረስ መጋጠሚያው ላይ ብዙ እጥፍ ይከማቻል፣ የአተሞቹንም ትስስር ያላላል።

ሻጮቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፦ ቴምፐር ካደረጉ (የጠነከረው ብረት ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ መልሰው ካሞቁት) በኋላ በውሃ ወይም በዘይት ፈጥነው ማቀዝቀዝ ሲገባቸው፣ እንዳይጣመምና ሥራ እንዳይበዛባቸው እቶኑን አጥፍተው ሻፍቱን ውስጡ ያሳድሩታል። ወፍራም ሻፍት ያን አደገኛ ክልል ለማለፍ ሰዓታት ይወስድበታል። 0.5 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም ቢኖረው ክምችቱን ያዘገየው ነበር፤ ግን እሱ ዋጋ ይጨምራል።

የቻርፒ ምት ፈተና (ብረቱ በድንገተኛ ምት ሲሰበር ምን ያህል ጉልበት እንደሚወስድ የሚለካ) ውጤት ጠይቁ፣ ሻፍቱ በሚሠራበት ዝቅተኛ ሙቀት የተደረገ ይሁን። የአራቱን ንጥረ ነገሮች መጠንና የማቀዝቀዣውን ዘዴ በጽሁፍ አስፍሩ። የገዛችሁት ካለ፣ መጀመሪያ ቴምፐር የተደረገው ከ600 በላይ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቴምፐር የተደረገበትን ሙቀት ሳያልፍ እንደገና ከ600 በላይ አሙቆ በፍጥነት ማቀዝቀዝ ክምችቱን ይበትነዋል፤ መጀመሪያ ከ600 በታች ቴምፐር የተደረገ ከሆነ ግን እንዲህ ሲሞቅ ሃርድነሱ ይወርዳል።