ደሴ ላይ ተከራይ ሆናችሁ ስራ የፈታችሁ ካላችሁ ይቺን ልጅ ጠይቋት (ምስጋና)

ሰላም የደሴ ሰዎች። ዛሬ የምጽፈው አንዲት የመንግስት ሰራተኛ ላመሰግን ነው። ሸዋ በር አካባቢ የኛ ቀበሌ የሴፍቲኔት (ድሃ ቤተሰብ የሚደገፍበት የመንግስት ፕሮግራም) ባለሙያ ናት፣ ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጠራትም ግን ቀበሌ ገብታችሁ የሴፍቲኔቷ ልጅ ብትሉ ሁሉም ያሳያችኋል።

እኔ ኮምቦልቻ ስፌት ፋብሪካ ነበር የምሰራው፣ ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ሁለት ልጆችና እናቴ አሉ፣ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው የምንኖረው። ዘይቱንም ስኳሩንም ቀንሰን ኖርን፣ ኪራይ ግን አይቀነስም፣ ወሩ ሊሞላ ሲል ገና ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበር ወላሂ። ከዛ በፊት ሌላ ቢሮ ደጅ ጠንቼ ነበር፣ ነገ ነይ፣ ሰውየው ስብሰባ ነው፣ አሁንም ነገ ነይ፣ እሱን ተዉት።

እንዳትሳሳቱ አንድ ነገር ልበል፣ እኛ ሀገር ስራ ለፈታ ሰው መንግስት ኪራይ ልክፈልልህ የሚልበት አሰራር የለም፣ የቀበሌ ቤትም አንዴ ሰው ከያዘው መቼ ይለቀቃል። ያለው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው፣ በ2009 ሲጀመር ከገቡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ናት። ጉልበት ያለው ሰው የአካባቢ ጽዳት፣ ችግኝ፣ የከተማ ግብርና ምናምን ይሰራል፣ ክፍያው ባንክ ደብተሩ ላይ ይገባል፣ ከሱ ላይ 20 በመቶው ቁጠባ ሆኖ ይቀመጥለታል። መስራት የማይችል አቅመ ደካማ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው አለ። ብሩ የኪራይ ተብሎ አይሰጥም፣ እኔ ግን እጄ ላይ እንደገባ መጀመሪያ የማወጣው ለኪራይ ነው።

ልጅቷን የማመሰግናት ለምን መሰላችሁ። ማን ድሃ ነው የሚለውን የሚለየው ኮሚቴ የሰፈር ሰው ነው፣ ነባሩን ባለቤት ከነዘሩ ያውቀዋል፣ ተከራይ ግን ዛሬ እዚህ ነው ነገ ሌላ ሰፈር ነው፣ ማን ያስታውሰዋል? እሷ ስብሰባው ላይ ተነስታ «ጓሮ ሰርቪስ ቤት ያሉትንስ አያችኋቸው?» አለች፣ አንድ አዛውንት «እነሱ እንግዳ ናቸው» ሲሉ «አባባ፣ እንግዳም ይርበዋል እኮ፣ ደግሞ መታወቂያቸው የኛው ቀበሌ ነው» አለቻቸው በትህትና። ከዛ የኛም ግቢ ተመዘገበ።

ከዛ ቤት ለቤት መጣች። ጣሪያው ምንድነው፣ በምን ታበስላላችሁ፣ ምን ምን እቃ አለ፣ እያንዳንዱን እየጠየቀች ትጽፋለች። እኛ ቤት ትልቅ ቲቪና ቁም ሳጥን አለ፣ የኛ አይደለም፣ አከራያችን ቦታ ጠቧት እዚህ ይቀመጥልኝ ብላ ያስገባችው ነው። ማን ድሃ እንደሆነ የሚለይበት ነጥብ ላይ እቃም እንደሚቆጠር ስለሰማሁ ደነገጥኩ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ፣ ነገርኳት። በቃ ብላ ልትጽፈው ትችል ነበር፣ ወይ ደግሞ ዝም ብላ ልታምነኝ ትችል ነበር። እሷ ግን ተነስታ ወደ ዋናው ቤት ሄዳ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ቲቪው የርስዎ ነው?» ብላ አከራያችንን ጠየቀቻት፣ አዎ የኔ ነው ስትል ፎርሙ ላይ እንደዛው አሰፈረች። እንዲህ አጣርቶ የሚሰራ ሰው ነው የጠፋው። ስትወጣ እናቴ እግሯን ስታሽ አይታ «አብሽሪ እማ፣ ላንቺ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ እንጠይቃለን» አለቻት፣ እናቴ እስከ በር ድረስ እየመረቀቻት ሸኘቻት።

አሁን እኔ ጽዳት ላይ ነኝ። የደሴን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነው መጥረጊያ የምንይዘው፣ ግን ኪራዬን በወሩ እከፍላለሁ፣ የእናቴም ተፈቅዶላታል።

የምትሄዱ ካላችሁ መታወቂያና የኪራይ ውል ያዙ። ውላችሁ በቃል ከሆነ አከራያችሁን ለምናችሁ በጽሁፍ አድርጉት፣ ይሄን እሷው ናት የመከረችኝ። ከሌላ ቀበሌ የመጣችሁ መሸኛ ሳትይዙ አትሂዱ፣ ያለሱ አይሆንም። ልየታ በዙር ስለሆነ ሁሌ ምዝገባ የለም፣ መቼ እንደሆነ እሷን ጠይቁ። የተለዩት ሰዎች ዝርዝር ይለጠፋል፣ ስማችሁ ከሌለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፣ ማመልከቻውን እንዴት እንደሚጻፍ ራሷ ታሳያችኋለች። ምዝገባው በነጻ ነው፣ ብር ስጡኝና ላስገባችሁ የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

እህቴ፣ ይሄን ካየሽው አላህ ይጨምርልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። የቀበሌው ሃላፊዎችም ካያችሁት ይቺን ልጅ እወቁልን፣ በጽሁፍም አመስግኗት።

ስልኳን በውስጥ መስመር አትጠይቁኝ አልሰጥም፣ ቢሮዋ ሂዱ፣ ከሰአት ስራ ቦታ እየዞረች ስለሆነ ጠዋት ነው የምታገኟት።