ለነብሮ የደከሙትን የእንስሳት ሐኪም ስለማመስገን

ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ የምንኖር ቤተሰብ ነን። ሰባት ዓመት ደጃችንን የጠበቀው ውሻችን ነብሮ ባለፈው ኅዳር የገዛ ሰውነቱ ቀይ የደም ሕዋሶቹን የሚያጠፋበት ሕመም ይዞት፣ ድዱ እስኪነጣ ድረስ ደክሞ ነበር። ሕይወቱን ያተረፈለት ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈውን ያነበበ ሰው መድኃኒቱን እንዳይሸሸው ብዬ ነው።

በጥር ሌላ ችግር መጣ። ነብሮ ከወትሮው አብልጦ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሆዱም ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ነገር ግን የጭኑ ሥጋ አልቆ፣ የጀርባው አጥንት በጣት የሚቆጠር ሆኖ፣ ከዓይኖቹ በላይ ያለው የጭንቅላቱ ጡንቻ ጎድጉዶ ነበር። ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሚዛን ላይ ስናወጣው ክብደቱ እምብዛም ስላልቀነሰ ጎረቤቶቻችን እርጅና ነው አሉን፤ እኔም ክኒኑን በአንድ ጊዜ ላቋርጥ ወስኜ ነበር።

ከማራኪ በባጃጅ የመጡልን ሐኪም መጀመሪያ ያደረጉት እኔን ከዚህ ውሳኔ መመለስ ነበር። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ኮርቲሶል ማምረት ስለሚቀንሱ፣ መጠኑ ቀስ በቀስ ካልወረደ ውሻው በድንገት ሊወድቅ፣ ሕመሙም ሊያገረሽ እንደሚችል አስረዱኝ። የጭኑ ሥጋ ያለቀው መድኃኒቱ የጡንቻን ፕሮቲን እያፈረሰ ስለሚያሟሽሸው፣ ሆዱም የተንጠለጠለው የሆዱ ጡንቻ ስለላላና ጉበቱ ስላበጠ እንደሆነ በእጄ እያስዳሰሱ አሳዩኝ። ሚዛኑ ያታለለን ጡንቻው ሲሄድ ስብ ስለተተካበት ነው።

መጠኑ በእሳቸው ክትትል መውረድ ሲጀምር ጡንቻውን የመመለሱ ሥራ ተጀመረ። ልዩ መሣሪያ አላስገዙንም። የሳሎናችን ሴራሚክ እግሩን እንዳያንሸራትተው ኬሻ አስነጠፉን፤ በሜዳ ላይ በማሰሪያ ተይዞ በቀን 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ደቂቃ ብቻ በዝግታ እንዲራመድ አደረጉ። ጎኑን ከግድግዳ አስጠግተን፣ እግሮቹ ወደ ጎን ሳይከፈቱ እየተቀመጠ እንዲነሳ አለማመዱን። አራት ቀጫጭን አጣናዎች መሬት ላይ በእርምጃ ልክ ደርድረው፣ እያንዳንዱን እግሩን አንሥቶ እንዲሻገር ሲያስተምሩት ጉልበታቸውን አፈር ላይ አንበርክከው ነበር፤ ያን ቀን አልረሳውም። ስቴሮይድ ጅማትንም ስለሚያዳክም መሮጥና መዝለል ፈጽሞ ተከለከለ። በማግስቱ ካነከሰ ወይም ለመነሣት ከዘገየ የዕለቱን ሥራ በግማሽ እንድንቀንስ ነገሩን። ሁለት ጊዜ እንዲያ ሆኗል። በሦስተኛው ሳምንት ከቤታችን በላይ ያለችውን ትንሽ ዳገት ጨመርን።

ምግቡንም በጥብቅ ተከታተሉ። መድኃኒቱ የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክም ጥሬ ሥጋና ጥሬ የሆድ ዕቃ እንዳንሰጠው፣ ይልቁንም ስቡ የወጣለት የበሰለ ሥጋና የተቀቀለ እንቁላል እንድንሰጠው አዘዙ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሉካንዳዎች ሲዘጉ እንቁላሉ ጠቀመን። አንድ ዘመዳችን ነብሮ ሲያነክስ አይቶ ዳይክሎፌናክ እንስጠው ሲል፣ ይህ ማስታገሻ ለውሻ አደገኛ እንደሆነ፣ ከስቴሮይድ ጋር ሲሆን ደግሞ ጨጓራን እንደሚያቆስል ነግረውን ስለነበር እምቢ አልኩ።

በየ15 ቀኑ ጭኑን በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ፣ ቆሞ ሳለ ይለኩት ነበር። መጀመሪያ 30 ሳንቲሜትር የነበረው ለአንድ ወር ምንም አልጨመረም፤ እኔ ተስፋ ስቆርጥ እሳቸው ግን በጥቂቱ የሚወስደው መድኃኒት ገና እንደሚጎትተው አስታውሰው፣ ሳይሰለቹ ይመላለሱ ነበር። በፋሲካ ሰሞን 32፣ በግንቦት መጨረሻ 34 ደረሰ። አሁን ክኒኑ ቆሟል፤ ነብሮ ሳይደገፍ ይነሣል፣ ዳገቷንም ቀድሞኝ ይወጣል። የጭንቅላቱ ጡንቻ ብቻ ገና አልሞላም።

ሐኪሙ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሕክምና የተመረቁ፣ ለባለቤቱም ለእንስሳውም ትሕትና ያላቸው ሰው ናቸው። ለውሻ ይህን ያህል መድከም በከተማችን ገና ያልተለመደ ስለሆነ፣ ልፋታቸው በአደባባይ ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ ውሻችሁ የወሰደውን መድኃኒት፣ መጠኑንና የጀመረበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው።