ኮቦቱልቦክስ፦ ለመጠይቅ የሙከራ ጥናት ምን ያህል ያግዛል?

በጀትና ጊዜ ሲያጥሩ ከማኅበራዊ ጥናት ዕቅድ መጀመሪያ የሚሠረዘው፣ መጠይቁን በጥቂት ሰዎች ላይ አስቀድሞ የሚፈትነው የሙከራ ጥናት ነው። ይህ ልማድ በእጅጉ የሚያሳስበኝ በመሆኑ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ካለው የሰብዓዊ ጉዳዮች ተቋም፣ ከሃርቫርድ ሂዩማኒቴሪያን ኢኒሼቲቭ፣ የተነሣውን የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ኮቦቱልቦክስን የምመዝነው መጠይቅን አስቀድሞ ለመፈተን በሚሰጠው ጥቅም ነው።

መሣሪያው ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ በአንድሮይድ ስልክ መጠይቅ ለመሙላት ያስችላል፤ አንዱን ቅጽ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ማዘጋጀት ይቻላል። የቀን ጥያቄዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታዩ ማድረግ መቻሉን በተለይ አደንቃለሁ፤ ምክንያቱም እናት የልጇን የልደት ቀን ስትናገር መረጃ ሰብሳቢው እዚያው በቃሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለውጥ የሚፈጠረው ስህተት ይቀራል።

ለሙከራ ጥናት ትልቁ ጥቅሙ ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ የጠፋውን ጊዜ መመዝገብ መቻሉ ነው። «በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» የሚለው ቀላል የሚመስል ጥያቄ ደቂቃዎች ከወሰደ፣ ከተማ ተከራይቶ የሚማረው ልጅና የቤት ሠራተኛዋ ይቆጠሩ አይቆጠሩ እንደሆነ መጠይቁ አልወሰነም ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ መረጃ ሰብሳቢ ስለ ቤተሰቡ ፍጆታ የሚጠይቀውን ረጅም ክፍል በጥቂት ሰኮንዶች ከጨረሰም ሱፐርቫይዘሩ ሊያነጋግረው ይገባል። የጊዜው መዝገብ ለየቃለ መጠይቁ በተለየ ፋይል ስለሚቀመጥ፣ ፋይሎቹን አዋሕዶ የሚተነትን ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሆኖም መዝገቡ ጥያቄው የት እንደከበደ እንጂ ለምን እንደከበደ አይናገርም። «ባለፉት 12 ወራት» ሲባል ከመስከረም ወዲህ ያለውን ብቻ የሚያስብ ተጠያቂ መልሱን ፈጥኖ ስለሚሰጥ፣ በጊዜው መዝገብ ላይ ምንም እንከን አይታይም። ይህን የሚያወጣው ተጠያቂው ጥያቄውን በራሱ አባባል መልሶ እንዲያስረዳ መጠየቅ ብቻ ስለሆነ፣ ተመራማሪው ራሱ መስክ ወርዶ ከመረጃ ሰብሳቢው ጎን መቀመጥ አለበት።

ሙከራው ሲያበቃ በኮቦቱልቦክስ ላይ ያለውን የመጠይቁን ፕሮጀክት ቀድቶ ዋናውን ጥናት በአዲሱ ቅጂ መጀመር ይበጃል፤ አለዚያ የሙከራው ምላሾች ከዋናው መረጃ ጋር ይቀላቀላሉ። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ያለ ስልክ የታረመውን ቅጽ እስኪያወርድ ድረስ በአሮጌው መሙላቱን ስለሚቀጥል፣ ቡድኑ ከመሰማራቱ በፊት ሱፐርቫይዘሩ እያንዳንዱን ስልክ ከፍቶ ቢያረጋግጥ መልካም ነው።