አትራክሽን የሚለውን ቃል በሎንግማን ኦንላይን ዲክሽነሪ ፈትሼው

ትርጉሙን እያወቃችሁ አረፍተ ነገር ውስጥ ስታስገቡት ግን የሚያስቸግራችሁ የእንግሊዝኛ ቃል ካለ ሎንግማን ኦንላይን ዲክሽነሪን ክፈቱ፣ ነፃ ነው። እኔ አትራክሽን በሚለው ቃል ነው የፈተሽኩት፣ ምክንያቱም ብዙ የትርጉም አፖች "መስህብ" "ስበት" ብለው ዝም ነው የሚሉት፣ ከዛ በኋላ ቱ ይሁን ኦፍ ይሁን ፎር ይሁን ራሳችሁ ገምቱት ነው።

እዚህ ግን የሰው ለሰው ስሜት፣ ሰው ሊያየው የሚሄደው ቦታ፣ የአንድ ነገር ማራኪ ጎንና የፊዚክሱ ስበት ለየብቻ ተቀምጠዋል፣ ካውንተብል (የሚቆጠር) ይሁን አንካውንተብል (የማይቆጠር) ስም መሆኑም ተፅፏል። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ! ቦታ ሲሆን ይቆጠራል፣ ቱሪስት አትራክሽንስ ይባላል፣ ግራቪቴሽናል አትራክሽን ላይ ግን ኤስ አትጨምሩም።

በጣም የወደድኩት አብረውት የሚሄዱትን ቃላት ማሳየቱን ነው። ለሰው ያለ ስሜት ከሆነ ቱ፣ በሁለት ሰዎች መሃል ከሆነ ቢትዊን፣ የአንድ ነገር ማራኪ ጎን ከሆነ ደግሞ ኦፍ ነው፣ ዘ አትራክሽን ኦፍ ዘ ጆብ ስትሉ ስራው ውስጥ ያለው ሰውን የሚስበው ነገር ማለት ነው። አይ ሃቭ አትራክሽን ኦን ዩ ሲባል እሰማለሁ፣ እባካችሁ ይቅር፣ ኦን እዚህ ጋ ቦታ የለውም። ሜይን አትራክሽን የሚለውን ግን እንዳለ ያዙት፣ ሰው በዋናነት የሚመጣለትን ነገር ለመጥራት እሱን የሚተካ አላገኘሁም።

ድምፁ የብሪቲሽና የአሜሪካን ተብሎ ተለይቷል፣ ጫናው ትራክ የሚለው ላይ እንደሆነ በጆሯችሁ ትይዙታላችሁ፣ ምሳሌ አረፍተ ነገሮቹንም ማዳመጥ ይቻላል።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። በወሬ መሃል አይ ፊል አን አትራክሽን ቱ ሂም ማለት ትንሽ ከበድ ይላል፣ ሰው የሚለው አይም አትራክትድ ቱ ሂም ነው፣ ይሄን ለማግኘት ግን አትራክት የሚለውን ለብቻው መፈለግ አለባችሁ። በዛ ላይ ማብራሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ወደ 2,000 በሚሆኑ የተለመዱ ቃላት ስለሚያብራራ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው አይቸገርም፣ ገና ለጀመረ ግን አልመክርም።