መንገዱ አንድ ለሆነበት አገር መንገድ ቀያሪ አፕ፦ ከደሴ ሆኜ የሞከርኳቸው

ሰሞኑን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው ሚመጣብኝ፣ «መንገድ ሲጨናነቅ በሌላ በኩል ሚያዞር አፕ የቱ ነው አሪፉ» እያለ። ቪትዝ ከገዛሁ ወዲህ ደሴ ኮምቦልቻ በሳምንት አራት አምስት ቀን እመላለሳለሁ፣ በወር አንዴ ደግሞ አዲሳባ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ስለዚህ ስልኬ ላይ ያልጫንኩት ማፕ የለም ማለት ይቻላል። ጉግል ማፕ አለ፣ ዌዝ አለ፣ ኦርጋኒክ ማፕስ አለ፣ ጭኜ በሳምንቱ ያጠፋኋቸውም አሉ። አንዴ ልጻፈውና ሰው ሲጠይቀኝ ይሄንኑ እልካለሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን እነዚህ አፖች የተሰሩት መንገድ ለተረፈው ከተማ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሁለተኛ፣ እሱም ሲዘጋ ሶስተኛ ላለው። እኛ ጋ ከደሴ ኮምቦልቻ ሀረጎ ሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፣ ሀረጎ ከተዘጋ እስኪከፈት ቁጭ ነው። ከኮምቦልቻ ወዲያም ሀርቡ ከሚሴ አጣዬ ሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና እያልክ አዲሳባ እስክትገባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ያው አንድ አስፋልት ነው። እና እኔ አፕ ስመርጥ ማዞሩን ብዙም አላየውም፣ ሳያውቅ አውቃለሁ ይላል ወይስ አይልም እሱን ነው ማየው።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከደሴ እየወረድኩ ነው፣ የሀረጎን ጉም ታውቁታላችሁ፣ ከፊትህ ያለውን መኪና የኋላ መብራት እንጂ መኪናውን አታየውም። መሀል ላይ ስደርስ ቆመናል። አንድ ባለተሳቢ መታጠፊያው ላይ ተበላሽቶ፣ ተሳቢው ተሻግሮ መንገዱን ዘግቶታል፣ ከላይም ከታችም መኪና ተደርድሯል። ስልኬን ሳየው ሰማያዊዋ መስመር እየተጠማዘዘች እስከታች ወርዳለች፣ አንድ ቀይ ነጥብ እንኳ የለባትም፣ 24 ደቂቃ ይላል። ከኋላዬ የቆመው አይሱዙ ሹፌር ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወርደው መጡና በመስኮቴ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ምን ይላል ይሄ?»

«ክፍት ነው ይላል ጋሼ» አልኳቸው።

«እንግዲያማ እሱን አስቀድመዋ፣ እኛ ከኋላ እንከተለዋለን» ብለው ሳቁብኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመን ነው የወረድነው። እሳቸው ግን ቀድመው ያውቁ ነበር ለካ፣ ከታች ሲወጣ የነበረ ባልደረባቸው ደውሎ ነግሯቸዋል፣ ቁርሳቸውንም ደሴ በልተው ነው የወረዱት።

የትኛው አፕ እንደሆነ አልናገርም፣ ሁሉም ያው ነበር ሚሉኝ። ለምን መሰላችሁ፣ ቀይና ቢጫ ሚያደርገው ከላይ ሆኖ መንገዱን ሚያይ ነገር የለም። መንገዱ ላይ ያለ ሰው ስልክ ነው። ሎኬሽኑን የከፈተ ስልክ ያለበትንና ፍጥነቱን ይልካል፣ ብዙ ስልክ አንድ ቦታ ላይ ሲያዘግም አፑ እዚህ ጋ ተጨናንቋል ብሎ መስመሩን ያቀላዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ አንድ አርቲስት 99 ስልክ በእጅ ጋሪ ጭኖ ባዶ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ሲጎትት ጉግል ማፕ መንገዱን ቀይ አድርጎት ነበር፣ መኪና ሳይኖር ማለት ነው። እኛ ሀረጎ ላይ የገጠመን የሱ ግልባጭ ነው፣ መኪናው ሞልቶ ዳታ የከፈተ የለም፣ ቢከፍትም ገደሉ ስር ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ለአፑ እኛ የለንም። መጨናነቅ አለ ብሎ የነገረው ሰው ስለሌለ ዝም አለ፣ እኔ ደግሞ ዝምታውን ክፍት ነው ብዬ አነበብኩት።

የበርሊኑ አይነት እኛም ጋ አለ ባይ ዘ ዌይ። ነዳጅ የጠፋ ሰሞን የማደያ ሰልፍ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ሹፌሩ ሁሉ መሪ ላይ ተደግፎ ቲክቶክ ያያል፣ ማፑ ላይ ያቺ ቦታ ብቻ ደም ትመስላለች። በጎኑ ሽው ብለህ ታልፋለህ ግን። እኔማ ቀይ ካየሁ ነዳጅ ገባ ማለት ነው ብዬ ጀሪካን... እሺ ይቅር፣ ጀሪካን ክልክል ነው።

ሌላ ብዙ ሰው ሚሳሳትበት፣ ዳታ ሲጠፋ ጂፒኤስም (ያለህበትን ሚያውቀው ነገር) አብሮ ሚጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም። ስልኩ ከሳተላይት ሲግናል ብቻ ነው ሚቀበለው፣ ቢያንስ አራት ሳተላይት ካገኘ ያለህበትን አስልቶ ያወጣል፣ ሲም ካርድም አያስፈልገውም። ዳታ ሚፈልገው የማፑ ስዕል፣ ፍለጋውና የትራፊኩ ወሬ ነው። ሰማይ ግን መታየት አለበት፣ ጣርማበር ዋሻ ስትገባ ነጥቧ ባለችበት ድርቅ ትልና በዚያኛው አፍ ስትወጣ ነው ዘላ ምትመጣው።

እንግዲህ ወደ አፖቹ። ጉግል ማፕ አዲሳባ ላይ ወላሂ ወደር የለውም። ስልክ በየመኪናው ስላለ ቀዩም ቢጫውም ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ባለፈው ከሰንዳፋ ለገጣፎ ስገባ እኔ በለመድኩት በኮተቤ ልሄድ ስል መገናኛ ድረስ ቀልቶ አየሁት፣ እሱ በአያት በሰሚት አድርጎ ጎሮ አውጥቶ ቦሌ አደረሰኝ፣ ኮተቤ የገባው ጓደኛዬ ከኔ 40 ደቂቃ ዘግይቶ ነው የመጣው። አዲሳባን ለማያውቅ ወሎዬ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ማፑን ቀድመህ ዳውንሎድ ካደረግከው ያለ ኔትወርክም በመኪና አቅጣጫ ይሰጥሃል፣ ግን ልብ በሉ፣ ኦፍላይን ሲሆን ትራፊክም አማራጭ መንገድም አያሳይም፣ አንድ መስመር አውጥቶ በቃ ነው ሚለው። ማለትም ለማዞሪያ ብለህ የጫንከው ነገር ኔትወርክ ሲሄድ ማዞሩን አብሮ ይዞት ይሄዳል። ያወረድከው ማፕም አልፎ አልፎ ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል። ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ ይቻላል፣ እናቴ ወድዳዋለች።

ዌዝ ሀሳቡ ደስ ይላል። እስራኤል ውስጥ የተሰራ ነው፣ ጉግል በ2013 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል። ሹፌሩ ራሱ «አደጋ አለ፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ፖሊስ አለ» እያለ ይጭናል፣ ሌላው ያያል፣ የኛ ሹፌር ፊት ለፊት ሲመጣ መብራት ብልጭ እያደረገ ሚነግርህን ነገር ወደ ስልክ ማምጣት ነው። ግን ሚሰራው ተጠቃሚ ሲኖር ነው፣ እኔ ከደሴ አዲሳባ ሶስት ዙር ስመላለስ የሰው ሪፖርት ያየሁት ሸኖን ካለፍኩ በኋላ ነው። ማፕ ዳውንሎድ አድርጎ መያዝም የለውም፣ ከመነሳትህ በፊት በዳታ መንገዱን ካላወጣህ መሀል ላይ አዲስ አቅጣጫ ብትጠይቀው አይሰጥህም። አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ ሴቲንጉ ውስጥ አስፋልት ያልሆነ መንገድ አታሳየኝ ማለት ይቻላል። ለኛ አገር ዝቅ ያለች መኪና ይቺ ብቻ ብዙ ዋጋ አላት።

ኦርጋኒክ ማፕስ የትራፊክ ነገር ጭራሽ የለውም፣ የለኝም ብሎም ነው ሚመጣው። ማፑ ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሳለ ካለው ነው ሚወስደው፣ የኢትዮጵያን አንዴ ዋይፋይ ላይ ካወረድክ ሙሉ ለሙሉ ያለ ዳታ ይሰራል፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ባትሪም ብዙ አይበላም፣ እሱም ያልተነጠፈ መንገድ ዝለል ሚል አማራጭ አለው። ገጠር ላይ አንዳንዴ ጉግል ላይ የሌለች የእግር መንገድ እዚህ ላይ አለች። እኔ ደሴ ላይ እያለሁ ምጠቀመው ይሄን ነው፣ ሰው ሲሰማ ይስቃል፣ «ትራፊክ ማያሳይ አፕ ለትራፊክ?» ይለኛል። አዎ። ቢያንስ ክፍት ነው ብሎ አልዋሸኝም።

አሁን ማዞር ያልኩት ነገር ከተማ ውስጥ ምን እንደሚያመጣ። ሰኞ ቀን ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባጃጁ ከአህያው አህያው ከሰው ተጠላልፏል፣ አንዱ አፕ (ስሙን ልተወው) «4 ደቂቃ ይቆጥባል» ብሎ ወደ ላይ ታጠፍ አለኝ፣ እኔም ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም ታጠፍኩ። ደሴ ጦሳ ተራራ ስር እንደሆነች እኔ ተወልጄ ያደግኩባት ሰውዬ ማላውቅ ይመስል! መንገዱ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ድንጋይ ደረጃ ሆነ። በኋላ ማርሽ ልውጣ ስል መኪናው ወደኋላ ይንሸራተታል፣ ክላቹ መሽተት ጀምሯል፣ እንዲህ ጨንቆኝ እያለ ሶስት ልጆች ከየት እንደመጡ ሳላይ እያንዳንዳቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘው ጎማው ስር ወሸቁልኝ። ከአጥሩ ጥግ ልብስ ምታሰጣ አንዲት እናት «አብሽር ልጄ፣ እነሱ ለምደውታል፣ ቀስ ብለህ ውረድ» አለችኝ። ለምደውታል! ልጆቹ ድንጋዩን እያነሱ እየወሸቁ፣ ትንሹ «ግራ! ግራ! ቁም!» እያለ እንደ ወያላ አስወረደኝ፣ 50 ብር ሰጠሁ፣ ለሶስት አይካፈልም ብለው 10 ጨመርኩ። ማፑ ያንን ደረጃ የመኪና መንገድ ብሎ ነው የያዘው፣ ቁልቁለትና ስፋት አያይም፣ መስመር ከመስመር ከተገናኘ ይሄዳል ብሎ ነው ሚያስበው። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ፒያሳ መናፈሻ ቧንቧ ውሃ ያለውን ዋና መንገድ ይዛችሁ ታገሱ፣ አፑ ያሻውን ይበል።

ሰዓቱንም አስተውሉት። አፖቹ የመድረሻ ሰዓት ሚያሳዩት በፈረንጅ ነው። ከአዲሳባ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ እናቴ ስትደውል ስክሪኑን አይቼ «3 ሰዓት ከ10 እደርሳለሁ» አልኳት፣ የቀኑን 9 ሰዓት ከ10 ማለቱ ነበር። ስደርስ ቤቱ ባዶ ነው፣ እሷ ጎረቤት ቡና በረካው ላይ ናት፣ ዶሮው ገና እግሩ ታስሮ በረንዳ ላይ ቆሞ ያየኛል። «ለማታ 3 ሰዓት ነው እኮ ያልከኝ፣ በሌሊት ሚጓዝ ልጅ ወለድኩ ብዬ ዱአ ሳደርግ ነው የዋልኩት» አለችኝ። ሽሮ በላሁ።

እቃውን በተመለከተ አጭር ነው፣ የስልክ መያዣውን መስታወቱ ላይ ሳይሆን የንፋስ ማውጫው ላይ አድርጉት፣ ሀርቡና ከሚሴ ቆላው ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ ይግልና ራሱን ያጠፋል፣ ሁለቴ ደርሶብኛል።

እኔ አሁን ማደርገው ይሄ ነው። ከመነሳቴ ማታ ዋይፋይ ላይ የጉግሉንም የኦርጋኒኩንም ማፕ አድሳለሁ። ጠዋት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ለሚሰራ ጓደኛዬ ደውዬ ሀረጎ እንዴት አደረ እላለሁ፣ ይሄ ከሁሉም አፕ ይበልጣል፣ ክፍያውም አንድ ቡና ነው። እስከ ሰንዳፋ ድረስ ኦርጋኒኩ ከፍቼ ነው ምሄደው፣ እሱም ቀጣዩ ከተማ ስንት ኪሎ እንደቀረ ለማየት እንጂ መንገዱማ አይጠፋኝም። ሰንዳፋ ላይ ዳታ ከፍቼ ወደ ጉግል እቀይራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድም ሳልከራከር ነው ምታዘዘው። ዌዝን አጥፍቼዋለሁ፣ ሹፌሩ ሁሉ መጠቀም የጀመረ ቀን እመልሰዋለሁ።

ሚቀጥለው ሳምንት ላሊበላ እወጣለሁ። ከወልዲያ በጋሸናም በኩልመስክም ይኬዳል፣ አፖቹ ኪሎ ሜትሩን እያወዳደሩ አንዱን ይመርጡልኛል፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ የቱ እንደሚያስኬድ ግን ወልዲያ መናኸሪያ አቦሉን ይዤ ከላይ የወረደ ሹፌር ነው ምጠይቀው።