ሪሌው ተነቀለ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም

ለመኪናዬ መብራት ሪሌ አስገባለሁ ብዬ 9,800 ብር ከፍዬ ሁለት ጥቁር ሳጥን በብሎን አስመትቼ መጣሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው እንጂ ነገ ከሆነ እኔው ራሴ "ተወው ባክህ" ማለቴ አይቀርም።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና እቃ ገበያው፣ መኪና ይዛችሁ የገባችሁ ሰዎች አካሄዱን ታውቁታላችሁ። ገና ሳትቆሙ ደላላው መስኮታችሁ ላይ ነው። "ብራዘር፣ ምን ነበር?" ይላል። ትነግሩታላችሁ፣ ይወስዳችኋል። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት እቃ ያወጣል። አንዱን "ይሄ ቻይና ነው፣ ለአንተ አልሰጥህም" ብሎ ወደ ጎን ይገፋዋል። ሌላውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ "ይሄ ነው ኦርጅናሉ" ይላል። ሁለቱም ከአንድ ካርቶን መውጣታቸውን ማን ያያል?

መኪናዬ የድሮ ሂሉክስ ፒካፕ ናት፣ ባለ 2.8 ናፍጣ። ሞተሯ እንከን የለበትም። መብራቷ ግን ሻማ ነው። ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን እመላለሳለሁ። በዚያ መንገድ ማታ የነዳ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፦ አንጸባራቂ የሌለው ጋሪ፣ መሃል አስፋልት ላይ የቆመ አህያ፣ ረጅም መብራቱን የማይቀንስ አይሱዙ። ጓደኛዬ "ሪሌ አስገባላት" አለኝ። ምክሩ ልክ ነበር፣ እሱን አልወቅስም። በድሮ መኪና የመብራቱ ኮረንቲ በቀጭን ሽቦ መሪው ስር ባለው ማብሪያ በኩል ይዞራል። መንገድ ላይ ይደክማል። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሪሌ ማለት በትንሽ ኮረንቲ ታዝዞ ትልቁን ኮረንቲ የሚያገናኝ ማብሪያ ነው። እሱ ሲገባ የመሪው ስር ማብሪያ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። ዋናው ኮረንቲ ከባትሪ ተነስቶ በወፍራም ሽቦ ቀጥታ አምፖሉ ጋ ይሄዳል።

ቅዳሜ ገባሁ። ለሪሌ ኪቱ ከነሽቦው 6,500፣ ለሁለት ባለ 100/90 ዋት አምፖል (ረጅሙ መብራት 100፣ አጭሩ 90) 1,800፣ ለእጅ 1,500 ተባልኩ። ከዚያ ያቺ የታወቀች ጥያቄ መጣች። "ከነደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ከነደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት አለው። "ያለ ደረሰኝ" አልኩ። 1,470 ብር አተረፍኩ ብዬ በሆዴ ፈገግ አልኩ። ይቺን ፈገግታ ያዙልኝ።

"አንድ ሰዓት ትፈጃለች፣ እዚያ ማዶ ማኪያቶ ጠጣ" አለኝ ባለሱቁ። ሄጄ ጠጣሁ። እንዲያውም ሁለት ጠጣሁ። ስመለስ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ሁለቱ ሪሌዎች ባትሪው አጠገብ ጎን ለጎን ተመትተዋል፣ ሽቦው አዲስ ጥቁር ቱቦ ለብሷል፣ ጫፍ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ሲያዩት ያምራል። ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁለት። የሠራው ልጅ መብራቱን ሲያበራው የፊት ለፊቱ ግንብ ነጭ ሆነ። "ፓውዛ ሆነልህ እኮ!" አለኝ። ተደስቼ 200 ብር ጉርሻ ሰጠሁት። ለሸወደኝ ልጅ ጉርሻ!

ትናንት ማታ ሸኖን እንዳለፍኩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከፊቴ ካለው መኪና ነው አልኩ። ከፊቴ ግን መኪና አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ መርገብገብ ጀመረ፣ ቀኙ ጠፋ። ረጅሙን ብሞክር እሱም የለም። ማብሪያውን በእጄ ስይዘው ይፋጃል። ዳር ይዤ ቆምኩ። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ድብል ፍሬቻ አብርቼ ኋላው ተለጠፍኩ። እንደዚያ ሆኜ ነው ደብረ ብርሃን የገባሁት። ላቡ እስካሁን ሸሚዜ ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሰው ጠቁሞኝ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌትሪሻን ጋ ሄድኩ። ኮፈኑን ከፍተው ለአፍታ አዩና ምንም አላሉም።

"ሞተሩን አስነሳ። መብራት አብራ።"

ግራው ብቻ በራ። አንዱ ሪሌ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"አጥፋ። አብራ። አጥፋ። አብራ።"

ደጋግሜ አጠፋሁ፣ አበራሁ።

"ሪሌ ሲሠራ ጣትህ ላይ ቀጭ ይላል። ይሄ ተኝቷል። ውረድና እይ፣ ልጄ።"

ወረድኩ። ሪሌውን ያዙና ነቀሉት። መብራቱ አልጠፋም። ሁለተኛውንም ነቀሉት። አሁንም በርቷል። ሁለቱንም መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ቀዝቃዛ ናቸው። አስቡት፦ መብራቱን ያበራሉ ብዬ የገዛኋቸውን ሪሌዎች በእጄ ይዣለሁ፣ መብራቱ ደግሞ ፊቴ ላይ ይበራል።

"ምናልባት ሌላ ቦታ ሦስተኛ ሪሌ ይኖር ይሆን ጋሽዬ?" አልኳቸው። ይህን መጠየቄን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል። ሰውዬው አልሳቁብኝም። ዝም ብለው ጥቁሩን ቱቦ በምላጭ ሰነጠቁት። ከሪሌው የወጣው ወፍራም ሽቦ አንድ ክንድ ያህል ሄዶ በጉጠት ተቆርጧል። ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ከዚያ ወዲያ ቱቦው ባዶ ነው። ባዶ ቱቦ እስከ መብራቱ ድረስ በጥንቃቄ አስረውልኛል!

ባለ 100 ዋቶቹ አምፖሎች የተሰኩት በድሮው ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። የፋብሪካው 60 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። 100 ዋቱ ከ8 በላይ ይስባል፣ ያውም እያንዳንዱ። የቀኙ አምፖል ሶኬት ቀልጦ አምፖሉ ላይ ተጣብቋል። ፊውዝ ሳጥኑ ሲከፈት ደግሞ ሰማያዊው ባለ 15 አምፔር ፊውዝ በነበረበት ቦታ አረንጓዴ ባለ 30 ተሰክቷል። ሲሞክሩ አቃጥለውት ይሆናል። እንግዲህ ፊውዙ ከመቃጠሉ በፊት ሽቦው ነበር የሚቃጠለው ማለት ነው። ከሽቦው ቀጥሎ ማን እንደሚቃጠል አልጠየቅኩም።

የሱቁ ልጅ ለምን እንዲህ እንዳደረገም አዛውንቱ አስረዱኝ። በብዙ መኪና ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ነው። እንደኔ ባሉ የድሮ ቶዮታዎች ግን ኔጌቲቩን ነው የሚቆርጠው። ገበያ ላይ ያለው ኪት ደግሞ ለፖዘቲቩ የተሠራ ነው። እንዳለ ስትሰካው ሪሌው አይነሳም። መፍትሔው በሪሌዎቹ ላይ 85 ቁጥር ያለበትን ሽቦ ከቦዲ (ከኔጌቲቩ) አንስቶ ፖዘቲቩ ላይ ማዛወር ነው። ሁለት ሽቦ! ልጁ ይህን አላወቀም። አለማወቅ ነውር አይደለም፣ "አልቻልኩም" ቢለኝ ማኪያቶዬን ጠጥቼ እሄድ ነበር። እሱ ግን ቆረጠውና ሸፈነው።

በጣም የሚያናድደው ደግሞ እቃው ደህና መሆኑ ነው። አዛውንቱ እነዚያኑ ሪሌዎች ተጠቅመው፣ ሽቦውን ቀጥለው፣ ሶኬቱንና ፊውዙን ቀይረው በ2,000 ብር ሠሩልኝ። ባለ 100 ዋቱንም አወጡት። "ሰው ታሳውርበታለህ" ብለው 60/55 መለሱልኝ። በሙሉ ቮልቴጅ ሲበራ ከፓውዛው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ከስልኩ ቀና ሳይል "መብራቱ በርቶ አልነበር የተረከብከው?" አለኝ። የተቆረጠውን ሽቦ አሳየሁት። "ደብረ ብርሃን አሠርተህ መጥተህ የኛን ሥራ ትጠይቀናለህ? የሰው እጅ የነካው ዋስትና የለውም።" ቀጥሎ "ደረሰኝ አለህ?" አለ። የለኝማ! ልጁ ከጥግ ሆኖ ሳቀ። ግራ ሲገባኝ ቅዳሜ ያነሳሁትን ፎቶ አወጣሁ። ባለሱቁ ስልኬን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አጎላው። "ይኸው፣ ሪሌው አለ አይደል? ታዲያ ምን ጎደለህ?" ብሎ መለሰልኝ። በገዛ ፎቶዬ ተረታሁ።

ስወጣ አንዲት ቪትስ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ባለቤቷ ማዶ ካፌው በረንዳ ላይ ስኳሩን ያማስላል።

ሪሌ የምታስገቡ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት መብራቱን አብሩና ሪሌውን ንቀሉት። ካልጠፋ ብር አታውጡ። የድሮ ቶዮታ ከሆነች "ኔጌቲቩን ነው የምትቆርጠው" በሏቸውና ፊታቸውን እዩ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ማኪያቶውንም መኪናችሁ አጠገብ ቆማችሁ ጠጡት።